የለተጊዮርጊስ ጥድ

እንግዶቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው። በአንድ ቀን አስራ ሁለት ወፍ ማየት ይፈልጋሉ፤ ዝርዝሩን በቴሌግራም ልከውልኛል። ወፍ ማስጎብኘት ከጀመርኩ አራት ዓመቴ ስለሆነ፣ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በዚያው ቀን ለሚመለስ ሰው እቅድ ማውጣት ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ሥራ ሆኗል። ስንት ሰዓት እንደሚነሱ፣ የት እንደሚቆሙ፣ ጉም ቢወርድ የት እንደሚሸሹ ሁሉ ይጻፋል። አስራ አንዱን ወፍ በየቦታው ደለደልኩ። አስራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «የሐበሻ ግንደ ቆርቁር» ይላል።

ጓደኞቼ አስጎብኚዎች ይህቺን ወፍ እቅዳቸው ውስጥ ሲያስገቡ ከጎኗ «ዕድል ካለ» ብለው ይጽፋሉ። በእኛ ቋንቋ «ዕድል ካለ» ማለት «አናገኛትም፣ ገንዘባችሁን ግን አንመልስም» ማለት ነው። እኔ ግን የምትኖርበትን ዛፍ አውቃለሁ፤ ቢያንስ የዛሬ አስራ ስድስት ዓመት ትኖርበት የነበረውን። ዛፉ ዛሬም መኖሩን ሄጄ ማረጋገጥ ነበረብኝ። ከመሄዴ በፊት ደግሞ ለአባቴ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ፤ እሱን ሳልናገር ወደዚያ ዛፍ የመሄድ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የካ ውስጥ፣ ከላይ ባሕር ዛፍ ከታች ሾላ ገበያ የሚታይበት አቀበት ላይ፣ ከሌሎች ተከራዮች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። አባዬ፣ ስሙ ሕሩይ ነው፣ በአንድ ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት ቆራጭ ነበር። ከመቁረጫው ማሽን የሚተርፈውን፣ ስፋቱ ሦስት ጣት ርዝመቱ ግን ክንድ የሚያህል ወረቀት ጠቅልሎ ይመጣና የእንጦጦ ጉዟችንን እቅድ በእሱ ላይ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ ከቀን መቁጠሪያው አጠገብ በመርፌ ቁልፍ ይሰካዋል። እቅዱ ከላይ እስከ ታች ይንጠለጠላል፤ እኔም ወንበር ላይ ቆሜ ከጫፉ ጀምሬ አነበዋለሁ። ነጭና ቀይ ልብስ አይለበስም። ቆሎ አይያዝም፣ ሲቆረጠም ይሰማል። ከአስራ ሁለት ተኩል በፊት ከቤት መውጣት። በባሕር ዛፉ ውስጥ ጊዜ አለማጥፋት፣ ባሕር ዛፍ ለወፍ ባዶ ቤት ነው። የመጨረሻው መስመር ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ «ጥዱ ያለው ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ነው።»

ወፏ ጀርባዋ ወርቅ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ነው፤ የወንዱ አናት ደግሞ ቀይ። የደረቀ ጥድ ትወዳለች። «ከእኛ አገር ተራራ በቀር የትም የለችም» ይለኝ ነበር አባዬ፣ ተራራውን ራሱ የሠራው ይመስል። እኔም ለሷ ስል እንቅልፍ አጣሁ። ከሾላ አሮጌ ዕቃ ተራ በገዛልኝ፣ አንድ ዓይኑ ጉም በለበሰ የርቀት መነፅር፣ ግቢያችን ውስጥ ያለችውን ድንቢጥ ሁሉ ስመረምር እውል ነበር።

ከእቅዱ ውስጥ ያልተጻፈ፣ በቃል ብቻ የምንለማመደው አንድ ነገር ነበር።

«ጠባቂው ስምሽን ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?»

«ጵርስቅላ።»

«ሙሉውን!»

«ጵርስቅላ ሕሩይ በላይነህ።»

«ቀስ ብለሽ። በላይነህ የሚለው እንዲሰማ አድርገሽ።»

በቃሌ እስኪወጣኝ ስንት ጊዜ እንዳስደጋገመኝ! እኔ እንደ ትምህርት ቤት ምዝገባ ወፍ የሚያይ ሰው ስሙ ከነአያቱ የሚጻፍበት መዝገብ በር ላይ ያለ መስሎኝ፣ ጸሐፊው እንዳይሳሳት ቃሉን አንድ ባንድ እረግጥ ነበር። መዝገብ የሚባል ነገር አልነበረም።

ታዲያ ጉዞው አይሳካም። አንዱ ቅዳሜ ጉም ነው። አንዱ ነፋስ ነው፣ ነፋስ ሲሆን ወፏ አትወጣም። አንዱ የንግሥ በዓል ነው፣ ሰው ይበዛል። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ በጠራበት ቅዳሜ ደግሞ አባዬ በጠዋት ጫማውን አጥልቆ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ረጅም ሰዓት ተቀምጦ፣ «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» አለ። ዘጠኝ ቅዳሜ ቆጠርኩ። ወፏ አስቸጋሪ ናት ሲባል እንዲህ ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ጊፍቲ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች፤ እኔ አጠገቧ መነፅሬን እወለውላለሁ። አባዬ በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል።

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ በር ድረስ ሄዶ መመለስ አይሰለችህም?» አለችው፣ ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ።

«ልጅቷን ሲያይ ልቡ ይራራል።»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም፣ ሕሩዬ። ራስህ ግባ።»

እኔ አኮረፍኩ። ዓርብ ዕለት ዳቦ ያቦካሁት እኔ ነበርኩ፤ በልተው ጨርሰው ነው እንግዲህ የሚያሙኝ። አባዬ አስራ አንድ ዓመት አንዲት ወፍ ሲፈልግ መኖሩን ሰምቼ ግን በጣም አዘንኩለት።

ዛሬ የማውቀውን እዚህ ላይ ልናገር። አባቴ በወጣትነቱ ዲያቆን ነበር። እማዬን ሊያገባ የእሷን ቤተ ክርስቲያን ሲመርጥ፣ ከሕፃንነቱ አንገቱ ላይ የነበረውን ማተብ ፈትቶ በአባቱ እጅ አስቀመጠ። ተደብቆ ቢበጥሰው ይሻል ነበር ይላሉ የሚያውቁ፤ እሱ ግን መደበቅ አልወደደም። አባቱም፣ «ማተብ የሌለው ልጅ የለኝም። ከደጄ እንዳትደርስ» አሉ። አያቴ በላይነህ «ሩቅ ነው ያሉት» ሲባል ነው ያደግኩት፤ እኔ በመርከብ የሚኬድበት አገር አድርጌ አስቤው ነበር። አያቴ ከቤታችን ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ላይ፣ የዚያች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የደን ጠባቂ ነበሩ። ያቺን ወፍ ለአባቴ በልጅነቱ ያሳዩት እሳቸው ናቸው።

እኔ ግን ያኔ ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነው። ግቢያችን ውስጥ ለተጊዮርጊስ የምትባል እኩያዬ ነበረች፤ አባቷ ጋሽ ጸሐዬ ሾላ በርበሬ ነጋዴ ነው። ስለ ጉዞው ነገርኳት።

«ጵርስቅላ ብለሽ ነው የምትገቢው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ያባርሩሻላ! የጴንጤ ስም ነዋ። ደሞ ማተብ የለሽም።»

ክፋት አልነበረባትም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብስሽን አስገቢ እንደሚል ሰው ነው የነገረችኝ። መድኃኒቱንም ያመጣችው ራሷ ናት። ከነትንሿ የእንጨት መስቀል ጥቁር ክሯን በራሷ በኩል አውጥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ። «ለተጊዮርጊስ ነኝ በይ። ማታ ግን መልሽልኝ፣ እማዬ ካየች ትገለኛለች» አለች። ስሟን ከነአያቷ አስጠናችኝ፤ ለተጊዮርጊስ ጸሐዬ ክብረት። ከራሴ ስም ቶሎ ያዝኩት።

በጥር መግቢያ፣ አስረኛው ቅዳሜ ላይ፣ ወጣን። አባዬ የእቅዱን ሕግ ሁሉ አፈረሰ። ጢሙን ተላጭቷል፤ ለሠርግ የሚለብሳትን ኮት ለብሷል፤ ጫማው ተጠርጎ ያብረቀርቃል። «ወፏ ታይሃለች እኮ!» ስለው ፈገግ አለ። በፌስታል ጥቅል ነገር ይዟል። ከፈት አድርጌ ሳይ አዲስ ጋቢ ነው፤ ተደብቀን ስንጠብቅ የምንሸፋፈንበት መሰለኝ። ነጭ መሆኑ ቅር አለኝ፤ ነጭ አይለበስም ያለው ራሱ ነው።

ባሕር ዛፉን አቋርጠን ወጣን። ቅጠሉ ከእግራችን ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ብርዱ ጥርስ ያጋጫል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው እያለከለኩ ይወርዳሉ። አባዬ ለእያንዳንዷ «በርቱ» ይላል፣ ከዚያ ውጭ ቃል አልወጣውም። ላይ ስንደርስ ሽታው ተለወጠ፤ የጥድ ሽታ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ሲታይ አባዬ አንድ ግንድ ሥር ቆመ። እስከ በሩ አርባ እርምጃ ቢሆን ነው።

«በቃ፣ እኔ እዚህ እጠብቅሻለሁ።»

«አንተ አታያትም?»

«እኔ አውቃታለሁ። ጠባቂውን ፈልጊና ግንደ ቆርቁር የት አለች በያቸው። ስምሽን ሲጠይቁሽ...»

«ሙሉውን» አልኩት። ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ውሻ የሚፈራ መሰለኝና አሳዘነኝ።

በሩ ጋ ስደርስ ማተቡን ከሹራቤ ሥር ስቤ አወጣሁት።

ጠባቂው ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ካኪ ካፖርት ለብሰው ከዘራ ይዘዋል። ስለ ወፏ ስጠይቃቸው መልስ አልሰጡኝም። ፊቴን ያዩ ጀመር። ጎንበስ ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ አባዬ ጥቃቅን ጽሑፍ ሲያነብ እንደሚያደርገው።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። እኔ በእርጅና ነው አልኩ።

አፌ ላይ ሁለት ስም ነበር። አንዱን አስር ሳምንት አጥንቼዋለሁ።

«ለተጊዮርጊስ ጸሐዬ ክብረት» አልኩ፣ አንድ ባንድ፣ ክብረት የሚለው እንዲሰማ አድርጌ።

ቀና አሉ። ከዚያ ዓይናቸው አንገቴ ላይ ወረደ። መስቀሏን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ለቀቋት። «ጎሽ» አሉ። «ጎሽ የኔ ልጅ። ነይ፣ ወፏን ላሳይሽ።»

በእጄ ይዘው ወደ ግቢው ጓሮ ወሰዱኝ። ከብዙ አረንጓዴ ጥዶች መካከል አንድ ደርቆ የቆመ ነበር፤ ግንዱ በቀዳዳ ተበሳስቷል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ረጅም ጊዜ ጠበቅን። መጀመሪያ ድምጿ መጣ፤ አንድ ሰው በጥፍሩ ሣጥን ሲያንኳኳ የሚመስል ድምፅ። ከዚያ ራሷ፣ ወይም ራሱ፣ ምክንያቱም አናቱ ቀይ ነበር። ጀርባው ወርቅ ነበር። መነፅሩን ረሳሁት። ሽማግሌው ወፉን ትተው እኔን ሲያዩኝ ነበር፤ ያንን ከጎኔ እየተሰማኝ ነበር ግን ዞሬ አላየኋቸውም።

«አባትሽ ምን ይሠራል?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ሾላ በርበሬ ነጋዴ ነው።»

«ደህና። እንደገና ነይ። ጫጩቶቹ ሰሞኑን ይወጣሉ።»

«በሚመጣው ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኳቸው። ይህን ብቻ ነው ያልዋሸሁት።

አባዬ እዚያው ግንድ ሥር፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ፣ ጋቢውን ደረቱ ላይ አቅፎ ጠበቀኝ። እየሮጥኩ መጣሁ፣ ክሩን ወደ ሹራቤ ከትቼ።

«ስምሽን ጠየቁሽ?»

«ጠየቁኝ።»

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኳቸው።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን» አልኩ። የሐሰት ስም መስጠቴን ቢሰማ ይቆጣኛል ብዬ ነው።

«ምን አሉ?»

አሰብኩ። «ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም አላሉም።»

ወደ በሩ ተመለከተ። ሽማግሌው እዚያ አልነበሩም። እኔ ስለ ቀዩ አናት፣ ስለ ወርቁ ጀርባ፣ አፌ እስኪደርቅ አወራሁ፤ እሱ ቁልቁለቱን እጄን ይዞ፣ ሳይሰማኝ፣ ወረደ። ቤት ስንደርስ ግድግዳው ላይ ያለውን እቅድ ነቅሎ ጠቀለለና ኪሱ ከተተው። ጋቢውን እማዬ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ በኋላ የቅዳሜ እቅድ አልተጻፈም። «ቃል ገብቻለሁ» ልለው ፈራሁ፤ ቅዳሜ መጥታ ሄደች፣ ሌላም ሄደች፣ ልጅነት ደግሞ ቶሎ ይረሳል።

አስራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አንድ ሰው መጥቶ ጋሽ በላይነህ ማረፋቸውን፣ መቀበራቸውንም ነገረን። በዚያ ቀን ነው አያቴ ማን እንደነበሩ፣ የት እንደነበሩ የሰማሁት። እማዬ «ተነሣ፣ ቢያንስ መቃብሩን እይ» ስትለው አባቴ የተናገረው እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «ስሜን ከልጄ አፍ ሰምቶ ዝም ያለ አባት፣ መቃብሩ ምን ይለኛል?»

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ሐሰት ግን በዚያች ቀን ገና መክበድ ጀመረ። ሰባት ዓመት ተሸከምኩት። ወፍ ማስጎብኘት ለምን እንደመረጥኩ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ተፈጥሮ ፍቅር አወራለሁ። እውነቱ፣ ያቺን ቅዳሜ ስፈልግ ነው የምዞረው።

ባለፈው እሑድ፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን መጥቶ ፀሐይ ላይ እንደተቀመጠ፣ ነገርኩት። ክሩን፣ ስሙን፣ በርበሬ ነጋዴውን፣ ሁሉንም፤ ቅዳሜ ዛፉን ለማየት እንደምሄድም። እየተናገርኩ ጫማውን ብቻ ነበር የማየው።

«ማተቡንም አይተውታል?» አለ በመጨረሻ።

«ነክተውታል፣ አባዬ።»

እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሊመታኝ ቢነሳ በወደድኩ። ሲያወርደው ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«አርባ እርምጃ ነበር» አለ። «አርባ እርምጃ መሄድ አቅቶኝ ሕፃን ላክሁ። እናትሽ ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብላኝ ነበር።» ቆየት ብሎ፣ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ነው የምትነሺው?» አለኝ።

«አስራ ሁለት ተኩል ሳይሞላ።»

ትናንት ሄድን። ባሕር ዛፉ የነበረበት አሁን ብዙው አስፋልት ነው፤ በእንጦጦ ፓርክ በር በኩል ስናልፍ ብስክሌት የሚከራዩ ወጣቶች በጠዋቱ ተሰልፈው ይሳሳቃሉ። አባቴ ያንን ጋቢ ለብሶ ነበር። አስራ ስድስት ዓመት ታጥፎ የኖረበት መስመር ጀርባው ላይ ይታያል። ግንዱ የነበረበት ቦታ ስንደርስ እርምጃው ላላ፤ ክንዱን ያዝኩት፤ አለፍን። አርባውን ቆጠርኩ፤ ሠላሳ ስድስት ነው።

በሩ ላይ አንዲት እማሆይ ደረቅ ቅጠል ይጠርጋሉ፤ እማሆይ አፀደ እንደሚባሉ በኋላ ነገሩን። ወፍ ልናይ መምጣታችንን ስነግራቸው አልገረማቸውም።

«ወፍ ከሆነ የለተጊዮርጊስ ጥድ ጋ ሂዱ፣ እዚያ አትጠፋም።»

«የማን?» አልኩ።

መጥረጊያቸውን ተደግፈው፣ ብዙ ጊዜ ያወራውን ታሪክ በሚደግም ሰው አነጋገር አወሩን። «የደን ጠባቂ ነበሩ፣ ጋሽ በላይነህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። አንዲት ትንሽ ልጅ ወፍ አይታ፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ ብላቸው ቀረች። ለተጊዮርጊስ የምትባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። ዛፉ ደርቋልና ለማገዶ እንቁረጠው ሲባል፣ ልጅቷ ሳትመጣ ማንም እንዳይነካው ብለው ገዘቱን። ሲያርፉም አደራ ብለው ነው። በጾም ማገዶ ባለቀብን ጊዜ እንኳ አልነካነውም።»

«ለምን... ለምን ወደዷት?» አለ አባቴ። ድምፁን አላወቅኩትም።

«እኔ እንጃ። የልጄን ዓይን ይዛለች ይሉ ነበር። ማተቧን ባላይ ኖሮ፣ የልጄ ልጅ ናት ብዬ በሩጫ እከተላት ነበር፣ ይሉ ነበር።»

አባቴ ጋቢውን አፉ ላይ አደረገ። እማሆይ ፊታችንን አላዩም፤ ቀድመውን ይሄዱ ነበር።

ጥዱ ቆሟል። ቅርፊቱ ረግፎ ነጭ ሆኗል፤ ከሥር እስከ ጫፍ ተበሳስቶ አንዳንዱ ቀዳዳ አሮጌ፣ አንዳንዱ ገና ትኩስ ፍቅፋቂ ያለበት ነው። ድንጋዩም አለ። አባቴ ሄዶ ተቀመጠበት፤ እጁን ከጎኑ ባዶው ቦታ ላይ አኖረ። ላይ፣ በዓይን በማይታይ ቦታ፣ ማንኳኳት ተጀመረ። ቀና ብዬ አልፈለግኩም።

እማሆይ ጎንበስ ብለው አዩኝ። «አንቺስ ልጄ፣ ማን ልበል?»

«ጵርስቅላ» አልኩ።

«ሙሉውን» አለ አባቴ፣ ከድንጋዩ ላይ፣ ቀስ ብሎ።

«ጵርስቅላ ሕሩይ በላይነህ» አልኩ፤ አንድ ባንድ፣ በላይነህ የሚለው እንዲሰማ አድርጌ።